በ80 ጥያቄ ኦቲዝም ይታወቃል ወይ? አዋቂ ሆኖ ስለመመርመር የተከፈተ ክር

ይህ ክር በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ በተከታታይ ምላሾች የተካሄደ ውይይት ነው። የመክፈቻው ልጥፍ አጭር ነው፤ አቋሙ ግን ቁርጥ ያለ። ራድስ-አር የሚባለውን ባለ 80 ጥያቄ መጠይቅ ሞልቶ 65 እና ከዚያ በላይ ያመጣ፣ በዚያ ላይ ኤኪው የሚባለውን ሌላ ባለ 50 ጥያቄ የኦቲዝም መጠይቅ ሞልቶ 32 የደረሰ አዋቂ ኦቲዝም አለው፤ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ማኅተም ከማስመታት አያልፍም ይላል። ቀጥሎ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ባለሙያው መጠይቁ ያልተናገረውን ምን ይናገራል? ምን ተይዞ ይኬዳል? ወረቀቱ ከተገኘ በኋላስ ምን ይሠራል? ክሩ 24 ምላሽ አፈራ፤ በመሀል ከመንገድ ወጣ፣ አንዴም ጦፎ በረደ። ፍሬ ያለበትን አስፍቼ፣ ገለባውን አሳጥሬ ላስኬደው።

1ኛው ምላሽ በትሕትና ጀመረ። ጸሐፊው 65 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ አስረዱ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) በ2011 በታተመው ጥናት 779 ሰዎች መጠይቁን ሞልተው፣ ኦቲዝም እንዳላቸው አስቀድሞ የተረጋገጡት ከሌሎቹ ጥርት ብለው ተለዩ። ግምገማ ፈልጎ የሚመጣው ሰው ግን እንዲያ ተለይቶ የተቀመጠ አይደለም። ራሱን ጠርጥሮ፣ ስለ ጉዳዩ ወራት አንብቦ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ በኋላ ኦቲዝም የተገኘለትም ያልተገኘለትም አብዛኛው ከ65 በላይ ይዞ ይገባል። ማኅበራዊ ፍርሃት፣ የትኩረት ችግር፣ ሥር የሰደደ ድብርት ነጥቡን ሽቅብ ይገፉታል። መጠይቅ ወንፊት እንጂ ሚዛን አይደለም የሚለው አባባላቸው በኋላ ደጋግሞ ተነሥቷል። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም በ2012 መመሪያው ባለ 10 ጥያቄውን አጭር ኤኪው የሚያዘው ሰውየው ወደ ሙሉ ግምገማ ይለፍ አይለፍ ለመወሰን ብቻ እንደሆነ ጨመሩ።

2ኛው ምላሽ ስድስት መስመር ቢሆን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ድምሩን ተዉና ሳጥኖቹን ተመልከቱ ነው የሚለው። ራድስ-አር ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አራት ምርጫ ያቀርባል። ልጅ ሆኜም አሁንም እውነት ነው የሚለው 3 ነጥብ ያስገኛል፤ አሁን ብቻ የሚለው 2፤ ከ16 ዓመቴ በፊት ብቻ የሚለው 1፤ መቼም እንዲህ ሆኜ አላውቅም የሚለው ባዶ። ተገልብጠው የሚቆጠሩ 17 ዓረፍተ ነገሮችም አሉበት። እነሱን ለጊዜው ትቶ አንድ ስሌት ሠራ። በ40 ቦታ ላይ ሁለቱንም ዘመን የመረጠ 120 ያመጣል፤ በ60 ቦታ ላይ አሁን ብቻ ያለም 120 ያመጣል። ድምሩ አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ግን ከልጅነት ስለመጣ ነገር ይናገራል፣ ሁለተኛው በኋላ ስለደረሰ። ኦቲዝም በ30 ዓመት አይጀምርም። ሁለተኛው ሰው ወይ ልጅነቱን አያስታውስም፣ ወይ ሌላ ነገር ደርሶበታል፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ቁጥሩ አይናገርም።

3ኛው ምላሽ ረጅም ነው፤ ባለሙያው በልቡ ይዞት የሚቀመጠውን መስፈርት ዘረዘረ። መጽሐፉ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ፣ በ2013 የወጣው ዲኤስኤም-5 እና የ2022 እርማቱ ነው። አንደኛው ዘርፍ ማኅበራዊ ግንኙነት ሲሆን ሦስት ነጥብ አለው፤ ንግግርንና ስሜትን መቀባበል፣ ዓይንና ፊትን እጅንም ከንግግር ጋር ማስማማት፣ ወዳጅነት መመሥረትና ማቆየት። ሁለተኛው ዘርፍ አራት አለው፤ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም አነጋገር፣ ከተለመደው ፈቀቅ ሲባል መታወክ፣ በአንድ ነገር ላይ ያለልክ መጥለቅ፣ ለድምፅ ለብርሃን ለልብስ ለሽታ ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች ስሜት መስጠት። ይህ የመጨረሻው ከ2013 በፊት በመስፈርቱ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ምልክቱ ከልጅነት መጀመር አለበት፣ ኑሮን በግልጽ ማደናቀፍ አለበት፣ በሌላ ነገር በተሻለ የሚብራራም መሆን የለበትም። ጸሐፊው ከየዘርፉ ሁለት ሁለት ከተገኘ ይበቃል ብሎ ዘጋ።

እዚህ ላይ ነው 4ኛው የገባው። ከአራቱ ሁለት መባሉ ልክ ነው፤ ከሦስቱ ግን ሦስቱም ናቸው። የ2013ቱ አጻጻፍ ለክርክር በር ከፍቶ ስለነበር በ2022 ሁሉም የሚል ቃል ተጨምሮበታል። ወዳጅነት ላይ ምንም ችግር ያልታየበት ሰው፣ ሌላው ሁሉ ቢሞላ እንኳ በዚህ መስፈርት አያልፍም። አንድ ማስተካከያም አከለ፤ ምልክቱ ዛሬ ባይታይም ቀድሞ ከነበረ ይቆጠራል። 3ኛው ተመልሶ እርማቱን ተቀብሎ ጽሑፉን አስተካክሏል፤ ይህ በመድረክ ላይ ብርቅ ነው።

5ኛው አስፐርገር የሚባለው፣ የንግግርም የአእምሮም ዕድገት መዘግየት የሌለበት የኦቲዝም ዓይነት፣ የት ገባ አለ። 6ኛው መለሰ። በ1994 በዲኤስኤም-4 ገብቶ በ2013 ከኦቲዝም ስፔክትረም ጋር ተዋህዷል፤ ዲኤስኤም በምትኩ ሦስት የድጋፍ ደረጃ ይሰጣል። ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ መጽሐፍ አይሲዲ-11 ደግሞ ደረጃ አይሰጥም፤ የአእምሮ ዕድገትና የቋንቋ ችሎታ እንዴት እንደሆነ ነው የሚጽፈው። አሁንም በአሮጌው አይሲዲ-10 የሚሠራ ቦታ ስላለ ግን በአንዳንድ ወረቀት ላይ ስሙ ይታያል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ምክር ወጣ፤ ሪፖርቱ የትኛውን መጽሐፍ እንደተጠቀመ በስም ካልጻፈ ሌላ ቦታ ሲቀርብ ጥያቄ ያስነሣል።

7ኛው ምን ተይዞ ይኬዳል ለሚለው ነው የጻፈው፤ ከክሩ ውስጥ ታትሞ ኪስ ውስጥ መግባት ያለበት ይሄ ነው። በ3ኛው ምላሽ የተዘረዘሩትን የሁለቱን ዘርፎች ሰባት ነጥብ ወስዶ በእያንዳንዱ ሥር ሁለት ምሳሌ ብቻ፤ አንዱ ከ12 ዓመት በፊት፣ አንዱ ባለፈው ዓመት የሆነ። ለእያንዳንዱ ምሳሌ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ምን ሆነ፣ ሰውየው ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን አስከፈለው። ድምፅ ያስቸግረኛል የሚለው ለገምጋሚው ምንም አይነግረውም፤ ድምፅ የማያስቸግረው ማን አለ? እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስብሰባ ላይ አየር ማቀዝቀዣው እያጉረመረመ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ቃላቱ ይደበላለቁበታል፤ የገባው መስሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ መብራት አጥፍቶ ለሁለት ሰዓት ያህል ይተኛል፤ በማግሥቱ የተወሰነውን ነገር ባልደረባውን መልሶ ይጠይቃል። አራት መስመር ነው። በውስጡ የስሜት ሕዋስ ችግር አለ፣ መሸፈን (ችግሩን ከሰው ደብቆ እንደ ሌላው መምሰል) አለ፣ የተከፈለ ዋጋ አለ። በጠቅላላው ከአራት ገጽ አይለፍ፤ 30 ገጽ ይዞ የመጣን ሰው ማንም አያነብለትም። የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ካለ ውጤቱ ሳይሆን መምህሩ ከግርጌ የጻፋት አንዲት መስመር ናት የምትፈለገው፤ ብቻውን ይቀመጣል፣ የክፍል ሥራ ሲቀየር ያስቸግራል የምትል ዓይነት።

8ኛዋ ምላሽ ሰጪ ከዚያው ቀጠለች፤ ወላጅን እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ። ኤዲአይ-አር የሚባለው የወላጅ ቃለ መጠይቅ 93 ጥያቄ አለው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ በተለይ ደግሞ ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ያተኩራል። ልጅሽ ከሌሎች ይለይ ነበር ወይ ተብላ የተጠየቀች እናት ደህና ልጅ ነበር፣ ዝምተኛ ነበር፣ አላስቸገረኝም ትላለች። አትዋሽም፤ ጥያቄው ነው የተበላሸው። እንግዳ ሲመጣ የት ይገባ ነበር? የደረደረውን ዕቃ ሰው ቢያነሣበት ምን ይሆን ነበር? አውሮፕላን ሲያይ በጣቱ ጠቁሞ አንቺ ማየትሽን ለማረጋገጥ ዘወር ብሎ ያይሽ ነበር፣ ወይስ እሱ ብቻ ያይ ነበር? እንዲህ ሲጠየቅ ትዝታው ራሱ ይወጣል። ወላጅ ከሌለ ቢያንስ በአምስት ዓመት የሚበልጥ ወንድም ወይም እህት፣ ያሳደገች አክስት፣ የቆየ ቪዲዮ። ፎቶ ግን እምብዛም አይረዳም አለች፤ ፎቶ ላይ ሁሉም ልጅ ወደ ካሜራው እንዲያይ ይደረጋል።

9ኛው ተቆጣ። ራሱን ያስተዳደረ አዋቂ የእናቱን ምስክርነት ካላመጣ አይታመንም ማለት ንቀት ነው፤ ወላጁ የበደለውስ? የሞተበትስ? 10ኛው አረጋጋው። ናይስ ቢቻል ነው የሚለው፤ ካልተቻለ የትዳር አጋር ወይም የቅርብ ወዳጅ ወይም ሰነድ ይተካል። ወላጅ ስለሌለ ብቻ በሩን የሚዘጋ ገምጋሚ ካለ ስንፍናው የራሱ ነው። በግሌ 9ኛው መቆጣቱ ትክክል ይመስለኛል፤ የተቆጣው ግን ያንን ባላለችው በ8ኛዋ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ቋንቋ ዞረ። 11ኛው ምርመራ የሚለው ቃል ራሱ ሰው ያሳስታል አለ፤ ሰዉ ደም የሚቀዳለት ይመስለዋል፣ ልየታ ወይም ግምገማ ይባል። 12ኛው ደግሞ ኦቲዝም ያለበት መባሉን አልወደደም። ዕዳም በሽታም ነው በሰው ላይ ያለበት የሚባለው፤ ኦቲዝም ያለው ማለት ምን ይጎድለዋል? 13ኛው የኦቲዝም ተጠቂ ብለው ለሚጽፉት ብዙም ያልለዘበ መልስ ሰጥቶ፣ ለቀሪው ግን ሰውየውን ራሱን ጠይቁት ብሎ ዘጋው። አወያዩ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ እስኪል ድረስ ሌሎችም ገቡበት፤ ትርፍ ጨዋታ ነበር ባይ ነኝ ግን ከንቱ አልነበረም።

14ኛው የግምገማውን ቀን ገለጸ። ገምጋሚው ሰውየውን ሥራ እየሰጠና እያነጋገረ የሚታዘብበት አዶስ-2 የሚባለው መሣሪያ አቀላጥፎ ለሚናገር አዋቂ 4ኛውን ክፍል ይጠቀማል፤ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል። ቃል የሌለበት የሥዕል መጽሐፍ ይሰጥና ተርክ ይባላል፣ ጥቂት ዕቃዎች ይቀርቡና በእነሱ ታሪክ ፍጠር ይባላል፣ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ብቸኝነት ይጠየቃል። ትክክለኛ መልስ የሚባል የለም። የሚመዘነው ዓይንና እጅ ከቃል ጋር መሄዳቸው፣ ጨዋታው ወዲያና ወዲህ ማለቱ ነው። አንዳንዴ ገምጋሚው ስለ ራሱ አንዲት ነገር ጣል አድርጎ ዝም ይላል፤ ተገምጋሚው ያነሣት እንደሆነ ወይም እንዳለፋት ይታያል። ስለዚህ ሥራዎቹን አስቀድሞ ፈልጎ ማጥናት ራስን መጉዳት ነው፤ የዓይን ግንኙነት ተለማምዶ መሄድም እንዲሁ። ጆሮ መሸፈኛ የሚያደርግ ሰው ያድርግ፤ መብራቱ የሚበዛበት ይቀነስልኝ ይበል፤ ጥያቄ በጽሑፍ ይሰጠኝ፣ በመሀል እረፍት ይኑር ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ መብት ነው።

15ኛው ጥሩ ጥያቄ አነሣ፤ ዕድሜ ልኩን ሸፍኖ የኖረ ሰው አዶስ ላይ ከመቁረጫው፣ ማለትም ኦቲዝም ለመባል ከተወሰነው ነጥብ፣ በታች አይወድቅም ወይ? ይወድቃል፤ በተለይ ሴቶች። መፍትሔው ግን ካት-ኪው የሚባለው የመሸፈን መጠይቅ ነው አለ፤ ባለ 25 ጥያቄ፣ ከ25 እስከ 175 የሚቆጠር፣ 100 ከደረሰ ሰውየው ኦቲዝሙን እየሸፈነ ነው። 16ኛው እዚህ ላይ ፈነዳ። እስካሁን አንቱ ሲባባሉ የቆዩት ሰዎች መሀል አንቱታው ድንገት ቀረ። በ2018 የታተመው ካት-ኪው መሸፈንን እንጂ ኦቲዝምን አይለካም፤ ሰው የሚፈራም ቀኑን ሙሉ ይሸፍናል፤ 1ኛው ምላሽ ያፈረሰውን አንተ በሌላ ስም መልሰህ አቆምከው አለው። ቃሉንም ያዘበት። ማስመሰል ብሎ መተርጎም ኦቲዝም ያለውን ሰው አታላይ ያደርገዋል፤ መሸፈን በቂ ነው። 17ኛው ይዘቱ ልክ፣ አነጋገሩ ነውር ብሎ ከለከለ፣ ለ15ኛውም ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ። አዶስ አንድ መረጃ ነው፤ ታሪኩ ሙሉ ከሆነ ከመቁረጫው በታች ቢሆንም ባለሙያው ኦቲዝም ነው ማለት ይችላል፤ ዲኤስኤም ራሱ ምልክቱ ሰውየው በተማረው ዘዴ የተሸፈነ ሊሆን ይችላል ይላል።

18ኛው ምላሽ የባለሙያ ሥራ ምን እንደሆነ በተግባር አሳየ። ማኅበራዊ ፍርሃት ያለበት ሰው ደንቡን ያውቀዋል፤ የሚያስጨንቀው መሳሳቱ ነው፤ ከሚያምነው ወዳጁ ጋር ሲሆን ጨዋታው ይፈታል። ኦቲዝም ያለው ፍርሃቱ በሌለበትም ቦታ ቅብብሉ ይጠፋበታል። ኦሲዲ ላይ፣ ማለትም ሐሳብና ድርጊት በግድ እየተመላለሰ በሚያስቸግርበት ሕመም፣ ድግግሞሹ የሚያስጠላና የሚያስጨንቅ ሆኖ ሰውየው ሊገላገለው ይሻል፤ ኦቲዝም ላይ ግን ድግግሞሹ ያሳርፋል፣ ሲከለከል ነው የሚያውከው። የትኩረት ችግር፣ ማለትም ኤዲኤችዲ፣ ያለበት ሰው ንግግር የሚያቋርጠው ተራው ሳይደርስ ሐሳቡ ስለሚያመልጠው ነው፤ ኦቲዝም ያለው ግን ተራው የት እንደሆነ ስለማያየው ያቋርጣል። እስከ 2013 ድረስ ዲኤስኤም ኤዲኤችዲንና ኦቲዝምን ለአንድ ሰው አብሮ መስጠት ይከለክል ነበር፤ ከዚያ በፊት ኤዲኤችዲ ብቻ የተባለ ሰው ዳግም መታየቱ ክፋት የለውም። በልጅነት የደረሰ በደል፣ ድንበር ላይ ያለ ስብዕና (ቦርደርላይን) የሚባለው ስሜትና ግንኙነት የሚዋዥቅበት ችግር፣ ሌላው ቀርቶ ያልታወቀ የመስማት ጉድለት እንኳ ይመሳሰላሉ። በዚያ ላይ ሁለትና ሦስቱ ተደርበው ይመጣሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው ይሄ ወይስ ያ ብቻ አይደለም፤ ይሄም ያም ሊሆን ይችላል።

19ኛው በአጭሩ ነጋዴዎችን አስጠነቀቀ። ኦቲዝምን የሚለይ የደም ምርመራ የለም፣ ኤምአርአይ የለም፣ የአንጎል ሞገድ ሥዕል የለም። ፀጉር ተቆርጦ ብረት ተለክቶ ብረት ማስወገጃ መድኃኒት ይሰጥሃል የሚል ካለ መሸሽ ነው፤ በ2005 አሜሪካ ውስጥ አንድ የ5 ዓመት ልጅ በዚህ ሕክምና ሕይወቱን አጥቷል።

20ኛው ገምጋሚ ሲመረጥ ከክፍያ በፊት የሚጠየቀውን ጻፈ። ስንት አዋቂ ገምግመዋል? የልጅነት ታሪክ እንዴት ይሰበስባሉ? ኦቲዝም አይደለም ካሉኝ ምን እንደሆነ ይነግሩኛል ወይስ አይደለም ብለው ያሰናብቱኛል? በግማሽ ሰዓት በመጠይቅ ብቻ ወረቀት የሚሰጥ ሰው ወረቀቱ ፊት ለፊት ሲጠየቅ አይቆምም።

21ኛዋ ወደ ሪፖርቱ ገባች፤ አጭር መስሎኝ ነበር፣ ግን የተማርኩባት ናት። ሙሉው ሪፖርት መረጃው ከማን እንደተገኘ፣ መሣሪያዎቹን ከነነጥባቸው፣ እያንዳንዱን መስፈርት ከምሳሌው ጋር፣ የተወገዱትን ሌሎች ችግሮች፣ መጨረሻም የድጋፍ ምክር መያዝ አለበት። ከመፈረሙ በፊት ረቂቁን ጠይቆ ስምና ዓመተ ምሕረት፣ የዕድሜ ቁጥር፣ የተዛባ ታሪክ ማረም ይገባል፤ ከተፈረመ በኋላ ማስቀየር አበሳ ነው። ከዚያ ለብቻው የአንድ ገጽ ደብዳቤ ማስጻፍ። አሠሪ ወይም ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው እሱ ነው፤ ስሙን፣ ግኝቱን፣ የሚፈለገውን ማስተካከያ ብቻ። ጸጥ ያለ መቀመጫ፣ መመሪያ በጽሑፍ፣ የስብሰባ አጀንዳ በዋዜማው። አለቃ የሠራተኛውን ልጅነት የሚያነብበት ምክንያት የለም።

22ኛው ወረቀቱ ጉዳትም እንዳለው አስታወሰ። በየአገሩ ሕጉ ይለያያልና የኢንሹራንስ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የወታደራዊ አገልግሎት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቅጽ ስለ ምርመራ ይጠይቅ እንደሆነ ቀጠሮው ከመያዙ በፊት ይታይ። አንዴ መዝገብ ከገባ አይፋቅም። ለኦቲዝም ዋና ምልክቶች የሚሰጥ መድኃኒትም የለም፤ ያንን ጠብቆ የሚሄድ ሰው ይቅርበት አለ። ትንሽ ጨለም ያለ ነው፤ ተደርቦ ለሚመጣ ጭንቀትና ድብርት የሚሰጠው ሕክምና ኦቲዝሙ ሲታወቅ አካሄዱ እንደሚስተካከል አልጠቀሰም።

በ23ኛው ክር ከፋቹ ተመለሰ። አቋሙን ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ 65 ምንም አይደለም ማለታችሁ አልተዋጠልኝም አለ። ጥያቄው ግን ተለውጧል። በ2ኛው ምላሽ መሠረት ሳጥኖቹን ሲቆጥር አሁን ብቻ የሚሉት እንደሚበዙ፣ ልጅነትን ከሚያውቅ ሰው ጠይቆ መጠይቁን እንደገና መሙላት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

24ኛውን የጻፈው ያው የ2ኛው ባለቤት ነው። እንደገና አይሞላም። የመጀመሪያው ቅጽ እንዳለ ይቀመጥ፤ ከጎኑ በሌላ ቀለም ብዕር ልጅነቱን የሚያውቀው ሰው ያለው ይጻፍ፤ ማን እንዳለ፣ ስለ ስንት ዓመት ዕድሜ እንዳለ። ሁለቱ የማይስማሙበት ቦታ ሁሉ ይከበብ። ገምጋሚው መጀመሪያ የሚያነበው የተከበበውን ነው።